የጽዋ አለቃው እንግሊዝኛ

ቴዶሬ ቆሞ ሳይናገር በዚያ የጆርጂያ መንደር ወይን የሚቀምስ ሰው የለም። ጓዳ ገብቶ ተደብቆ የሚጨልጥ አይጠፋ ይሆናል፤ እሱን ግን ማን ሰው ብሎ ይቆጥረዋል? ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ማዕድ ተዘርግቶ እንግዳ ከተቀመጠ ጽዋ የሚነሳው ታማዳው፣ የጽዋው አለቃ፣ ከተናገረ በኋላ ነው፤ ታማዳው ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቴዶሬ ነው። ስለ ሰላም ይናገራል፣ ይጠጣል። ስለ አገር፣ ስለ ወላጅ፣ ስለ ሙታን፣ ስለ ሕፃናት ይናገራል፣ በየመሃሉ ይጠጣል። ከአንዲት የወይን ዘለላ ተነስቶ ሰማይ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ሥጋው ይቀዘቅዛል። ታዲያ አንድም እንግዳ ሥጋው ቀዘቀዘ ብሎ አጉረምርሞ አያውቅም። የምታጉረመርም ብትኖር ሚስቱ ላማራ ናት፤ ሥጋውን የምትጠብሰው እሷ ስለሆነች አይፈረድባትም።

በሰኔ ወር አንድ እሑድ ከእንግሊዝ አገር ስልክ ተደወለ። አንድያ ልጁ ኢርማ ሊድስ ከተማ ነርስ ሆና መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣ እኔና ማይልስ ልንጋባ ነው» አለች። «ሠርጉ እኛ ግቢ ይሁን ብለናል፤ ወይኑ ተለቅሞ እንዳለቀ፣ በጥቅምት። አባቱ ይመጣል፣ ዘመዶቹም አሉ። አሥራ ሁለት ይሆናሉ።»

«ይምጡ! ሃምሳ ሆነው ይምጡ!» ብሎ ጮኸ ቴዶሬ። «ጋኑ እንደሆነ አፉ ድረስ ሙሉ ነው!»

«አንዳቸውም ግን ጆርጂያኛ አይችሉም፣ አባዬ።»

ቴዶሬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጸጥ አለ። ላማራ ከድስቱ ቀና ብላ በድንጋጤ አየችው። ባሏ ዝም ሲል ያየችው ጥርሱን የተነቀለ ዕለት ብቻ ነው።

ወሬው ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በሳምንቱ የአጎቱ ልጅ ጉራም በመኪናው ከች አለ። ጉራም የጥርስ ሐኪም ነው፤ የቴዶሬን ጥርስ የነቀለውም እሱ ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ ይህንንም ሰው ሳይጠይቀው ይናገራል። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ የታማዳውን ወንበር ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚመኘው ብቻ ነው።

«ቴዶ፣ ምንም አታስብ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ታማዳው እኔ እሆናለሁ። አንተ የሙሽራዋ አባት ነህ። አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትበላለህ፣ ትጠጣለህ፣ ታርፋለህ።»

«ማረፍ?» አለ ቴዶሬ። «እኔ? በልጄ ሠርግ?»

«እሺ፣ አንተ ተናገር፤ እኔ እተረጉምልሃለሁ።»

መተርጎም የሚባለውን ነገር ቴዶሬ አንድ ጊዜ ቀምሶታል። ጀርመኖች ወይን ሊያዩ የመጡ ጊዜ ስለ ወዳጅነት ሰባት ደቂቃ ተናገረ፤ ከማንም ጋር የማይስማማው ባለ ወፍጮ እንኳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ አስተርጓሚው ተነስቶ አራት ቃል ተናገረና ተቀመጠ። ጀርመኖቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ጨለጡት። የቀረው ስድስት ደቂቃ ተኩል የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«አስተርጓሚ አልፈልግም። እኔው ራሴ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ።»

ጉራም እስኪያስለው ሳቀ። «በስንት ዓመትህ?»

«በአራት ወር።»

«ይሁን፣ ጀምረው። መሃል ላይ ምላስህ የተሳሰረ ጊዜ ግን እኔ ተነስቼ ወንበሩን እረከባለሁ። ተስማማን?»

በዚያ አገር በማዕድ መሃል ወንበሩን የለቀቀ ታማዳ ተመልሶ ተቀምጦበት አያውቅም። ሰው አይጠራውም፤ ቢጠራውም እሱ ራሱ አይሄድም። ቴዶሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ያም ሆኖ ደሙ ፈልቶ ስለነበር «ተስማማን!» ብሎ እጁን ሰጠ። ከሰጠ በኋላ ነው በእንግሊዝኛ «ሰላም» ማለት እንኳ እንደማይችል ትዝ ያለው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደምትገኘው ወደ መምህርት ዱዱሃና ቤት ሄደ። መምህርት ዱዱሃና አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቁመተ አጭር፣ ድምፃቸው ግን ግቢ የሚሞላ ሴት ናቸው። ለማርመላታ የሚሆን ያልበሰለ የዋልነት ፍሬ በረንዳቸው ላይ ዘርግተው ይልጣሉ። የዋልነቱ ጭማቂ እጃቸውን እስከ አንጓቸው አጥቁሮታል።

«እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ» አለ ቴዶሬ ኮፍያውን አውልቆ።

«ለምን ብለህ?»

«ለሠርግ።»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ስልሳ አንድ።»

«እንግዲያማ ገና ልጅ ነህ። ቢላ አንሳና ላጥ።»

እየላጡ ጀመሩ። መምህርቷ በቢላቸው እየጠቆሙ በእንግሊዝኛ «ይህ በር ነው፣ ይህ መስኮት ነው፣ በል ድገም» አሉት። ቴዶሬ አንድ ጊዜ ደገመ፣ ሁለተኛ ደገመ፣ በሦስተኛው ቢላውን አስቀመጠ።

«ካልባቶኖ ዱዱሃና፣ እመቤቴ፣ እኔ በር ምን ይሠራልኛል? እግዚአብሔርን ይስጡኝ፣ አገርን ይስጡኝ፣ ወዳጅነትን ይስጡኝ! ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል ስለ በር ተናግሬ አላውቅም!»

«ምን ዓይነት ታማዳ ነህ ታዲያ?» አሉት ቀና ሳይሉ።

ይህቺ ንግግር አንጀቱ ውስጥ ገባች። ሦስት ቀን አኩርፎ ቀረ። በአራተኛው ቀን መጣና፣ ሳይቀመጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አንስቶ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ይህ በር ነው። እንግዳ በበር ይመጣል። ልጄ በበር ሄደች። በር ጥሩ ነው። በር መጥፎ ነው። ለበር እንጠጣ!»

መምህርት ዱዱሃና ቢላው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ በጠቆረው እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ፊታቸው ሁሉ ጠቆረ። «በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም» አሉ። ቴዶሬ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገዱ ተገኘለት። የተማራትን ቃል ሁሉ ጽዋ ያነሳላታል። ለዝናብ አነሳ። ለዶሮ አነሳ። ለድንች ያነሳው ጽዋ ረጅም ነበር፤ ድንች መሬት ውስጥ ዝም ብሎ እንደሚያድግ፣ እንደማይመካ፣ ከዘመዶቹ ውስጥ ግን እንደ ድንች ያልሆነ አንድ የጥርስ ሐኪም እንዳለ የሚያወሳ ነበር። ላማራ ትርጉሙን በጆርጂያኛ ሲነግራት ጥርሷን መክደን አቃታት።

ምላስን በጥርስ መሃል አውጥቶ የሚባለው ድምፅ ግን አስቸገረው። ወይኑን ሲያስር፣ ሲኮተኩት፣ በአህያ ጋሪ ሲሄድ ምላሱን እያወጣ ይለማመዳል። የጎረቤቱ ሚስት ቴዶሬ በአጥር ላይ ምላሱን አወጣብኝ ብላ ለላማራ ከሰሰች። ላማራም «እንግሊዝኛ ነው፣ አትቀየሚው» ብላ አስታረቀቻቸው። የመንደሩ ሰው እጁ ጥቁር ሆኖ ሲያየው «ተማሪው! የቤት ሥራህን ሠራህ?» ይለዋል። እሱም በእንግሊዝኛ ይመልስላቸዋል፤ ምን እንዳላቸው ስለማያውቁ ክርክሩን ሁልጊዜ የሚረታው እሱ ነው።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በወይኑ ረድፍ መሃል ቅጠል እየቀነሰ ሳለ ጭጋጉን አየና «ፀሐይ ዛሬ ዘገየች» አለ። ጥቂት ቅጠል ከቀነሰ በኋላ እጁ ባለበት ቆመ። ያለው በእንግሊዝኛ ነበር። ማንም አልጠየቀውም፣ ከደብተር አላነበበውም፣ በጆርጂያኛም አስቀድሞ አላሰበውም፤ ዝም ብሎ ከአፉ ወጣ። ቴዶሬ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ ብቻውን ሳቀ። የሚነግረው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ቢያይ ከወይን በቀር ማንም የለም፤ ስለዚህ ለወይኑ ነገረው፣ እሱንም በእንግሊዝኛ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆን አለ። መምህርት ዱዱሃና እንግሊዞች ሲያወሩ የተቀዳ ድምፅ በስልኩ ላይ ጭነውለት በየቀኑ እንዲያዳምጥ አዘውታል። ቴዶሬ ይከፍተዋል፤ ሰውየው ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ያቋርጠውና የራሱን ይጀምራል።

«ቴዶሬ፣ ጆሮህንም አስተምረው እንጂ!» አሉት አንድ ቀን።

«ካልባቶኖ፣ ታማዳ ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። እኛ እንዲህ ነው የኖርነው።»

«እነሱ የመለሱልህ ዕለትስ?»

«ለመልሳቸውም መልስ አዘጋጅቻለሁ» አለና ደረቱን ነፍቶ በእንግሊዝኛ አወረደው፦ «ንግግርህ ወርቅ ነው! በደስታህ ደስ ብሎናል! እንጠጣለት!» ከዚያ ወደ ጆርጂያኛ ተመለሰ። «ማንም ምንም ቢናገር ይሆናል።»

መምህርቷ ደጋግመው መከሩት፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አሥራ አንድ ንግግር በቃሉ ይዟል፤ የሚያስፈራው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር።

በጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ከወይኑ ዳስ ሥር ረጅሙ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ስልሳ ሰው ተቀመጠ። ሳህን በሳህን ላይ ተደረበ፤ በዋልነት የተሠራ ዶሮ፣ አይብ የተሞላ ቂጣ፣ ከፍሙ የወጣ ሥጋ። እንግሊዞቹ አሥራ ሁለቱም በአንድ ወገን ተደርድረው ከየትኛው እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸዋል። መምህርት ዱዱሃና ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ጉራም ደግሞ ከቴዶሬ በስተግራ፣ ወንበሩን በእጅ ርቀት ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ቴዶሬ ተነሳ። ስለ ሰላም በመጀመሪያ በጆርጂያኛ ተናገረ፤ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ። እንግዶቹ ሹካቸውን አስቀመጡ። አንዲት ወፍራም አክስት አፏን በእጇ ያዘች። ሲጨርስ ቤት የፈረሰ እስኪመስል አጨበጨቡ፣ «ጋውማርጆስ!» የሚለውንም የጽዋ ምርቃት እንደምንም ብለው ጮኹት። ስለ አገር ተናገረ። ስለ ወላጆች ተናገረ፤ ኢርማ በነጭ ቀሚሷ ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ መቼ ተማርከው? በማን እጅ?» ትለዋለች፤ እሱ እጁን ያሳያታል፣ ጥቁረቱ ገና በደንብ አልለቀቀም። ጉራም ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ፣ በሦስተኛው ግን ወዶ አጨበጨበ።

አሁን የልማዱ ሰዓት ደረሰ። ታማዳው ቃሉን በስሙ ጠርቶ ለዋናው እንግዳ ያሳልፋል፤ እንግዳው ይናገራል፤ ታማዳው ደግሞ የእንግዳውን ቃል ተቀብሎ፣ የራሱን ጨምሮ ለማዕዱ ይመልሳል። ሳይመልስ ከቀረ ሰውየውን ጠርቶ ደጅ እንደማቆም ነው የሚቆጠረው። ቴዶሬ እንደ ጽዋ የሚያገለግለውን ቀንድ በወይን ሞልቶ ለማይልስ አባት አቀበለ። ሌናርድ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፤ ከመጣ ጀምሮ «አመሰግናለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ሌናርድ ቀንዱን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጥድፊያ፣ ጽዋውን እያየ ተናገረ። በቴዶሬ ጆሮ የሚወርደው ግን ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዓይነት ነበር። አልፎ አልፎ የሚያውቃት ቃል ብቅ ትላለች፤ ሊይዛት ሲል ሌላ መጥቶ ይውጣታል። ሌናርድ ጨረሰ። ስልሳ ሰው ወደ ታማዳው ዞረ።

ወርቁ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። በደስታህ ደስ ብሎናል፣ እንጠጣለት! ብሎት ቢሆን ኖሮ ከስልሳው ሰው ሃምሳው አጨብጭቦ ያልፍለት ነበር። ቴዶሬ ግን ሙሽራውን አየ፤ ማይልስ አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ያያል። የኢርማ አገጭ ይንቀጠቀጣል። ይህ ደስታ አይደለም። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ደስታ እንዳልሆነ ግን አወቀ። መልሱን ዋጠው።

«ተሳሰርክ፣ ቴዶ» አለ ጉራም ቀስ ብሎ። ብርጭቆውን ይዞ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቷል። «ተቀመጥ፤ እኔ እመልስለታለሁ።»

በጠረጴዛው ጫፍ መምህርት ዱዱሃና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያዩታል፤ አልረዱትም። ወንበሩን ሊያጣ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት! አፉን ከፈተ፤ የወጣውም ከአሥራ አንዱ ንግግር አንዱም አልነበረም።

«ሌናርድ» አለ በእንግሊዝኛ። «አልገባኝም። እኔ መናገር ተማርኩ። መስማት አልተማርኩም። እባክህ እንደገና ንገረኝ። ቀስ ብለህ።»

ከዚያም ለዘመዶቹ ዞሮ በጆርጂያኛ «እንግዳው ያለው አልገባኝም» አላቸው። ማዕዱ አጉረመረመ። ታማዳ እንዲህ ሲል ማንም ሰምቶ አያውቅም። «ጉራም፣ አንተ ተቀመጥ። ሰውየው ሊናገር ነው።»

ሌናርድ አልተቀየመም። ቀና አለ፤ የጎበጠው ትከሻው ትንሽ ተቃና። እንደዚያ ሲናገር የዋለ ሰው ቃል እንዳጣ ማየቱ ደፋር ያደረገው ይመስላል።

«ሚስቴ ዶሪን ትባል ነበር» አለና ቆመ።

ቴዶሬ ራሱን ነቀነቀ። ገብቶታል።

«አምና ሞተች። ቤታችን ውስጥ የምታወራው እሷ ነበረች። እሷ ታወራለች፣ እኔ እበላለሁ።» ሌናርድ ኢርማን አየት አደረገ። «ዛሬ ለልጅህ ጥሩ ነገር ማለት ነበረብኝ። ምን እንደሚባል የምታውቀው ግን ዶሪን ናት።»

አንድም ቃል አላመለጠውም። የሰው ሐዘን ነው የሰማው፣ ግን በእንግሊዝኛ ሰማው፣ በራሱ ጆሮ፣ ሳይተረጎምለት። ሆዱ ባባ፤ ሆዱ እየባባ ደግሞ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ፤ እያፈረም ደስታው አልቀነሰም።

ስለ ሙታን የተዘጋጀ ንግግር ነበረው፣ ስለ ወይን ሥርና ስለ ከዋክብት፣ አራት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ። ተወው። በዕድሜው ሙሉ በማዕድ ላይ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ጠየቀ።

«ከሥራ ስትመለስ፣ በር ስትከፍት፣ ዶሪን ምን ትልህ ነበር?»

ሌናርድ አሰበ። ከንፈሩ ተነቃነቀ፣ ከዚያ በድንገት ከመጣ ጀምሮ ያልታየ ሳቅ ፈነዳ።

«‹ጫማህን አውልቅ፣ ሌን!›» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየቀኑ። ‹ጫማህን አውልቅ፣ ሌን፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት!›»

ማይልስ አንገቱን ካቀረቀረበት አነሳ፤ እንባው እየወረደ ይስቃል። ቴዶሬ ወደ ዘመዶቹ ዞሮ ሁሉንም፣ ዶሪንንም፣ ወለሉንም፣ ጫማውንም፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር በጆርጂያኛ ነገራቸው። ላማራ የሥጋ ትሪዋን እንደያዘች «ወይኔ! ይቺን ሴትዮ ሳላውቃት!» ብላ ጮኸች። «እኔስ በየቀኑ የምለው ይኸንኑ አይደል እንዴ!»

ቴዶሬ ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ ከዚያ የግራውን። የአንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ግድ አልሰጠውም። ሣሩ ላይ በካልሲው ቆሞ ጽዋውን አነሳ።

«ለዶሪን!» አለ። ከዚያ ወንበር ላይ ተነስቶ ከዚህ ያጠረ ንግግር አድርጎ አያውቅም።

ሌናርድ ቀንዱን ለልጁ አስይዞ ጎንበስ አለ፤ ጫማውን አወለቀ። ቀጥሎ ማይልስ አወለቀ፣ ኢርማ ነጭ ጫማዋን ወደ ወይኑ ሥር ወረወረች፣ ወፍራሟ አክስት ጎረቤቷን ተደግፋ አወለቀች። ከዚያ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ሰው ሁሉ ያጎነበሰበት ሆነ፤ ለትንሽ ጊዜ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ቆሞ የቀረው ጉራም ነው፤ የከተማ ጫማው ማሰሪያው ብዙ ነው።

«አውልቅ፣ ጉራም!» አሉ መምህርት ዱዱሃና ግቢ በሚሞላው ድምፃቸው፣ በእንግሊዝኛ።

ጉራም ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ። «ታማዳው ያዘዘውን ምን አደርጋለሁ?» እያለ ይስቃል። ስልሳ ሰው በካልሲና በባዶ እግሩ ቆሞ «ዶሪን!» ብሎ ጨለጠ። ከወዲያኛው ጫፍ ዘፈን ተነሳ፤ ሦስት ድምፅ ተቀባበሉት።

ቴዶሬ ወንበሩን ጎትቶ ከሌናርድ አጠገብ ተቀመጠ። ሌናርድ አሁን የጀመረውን ማቆም አልቻለም፤ ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠ፣ ዶሪንን መጀመሪያ ስላየበት የባቡር ጣቢያ ይነግረዋል። ቴዶሬ ግማሹ ይገባዋል፤ ያልገባውን እጁን አንስቶ ያስደግመዋል። ሥጋው ቀዘቀዘ። ቀጣዩ ጽዋ ዘገየ። ሰው ወደ ታማዳው ያያል፣ ታማዳው ግን ማንንም አያይም፤ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጆሮውን ወደ ሌናርድ አዘንብሏል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለው።